ስምንተኛው እስቴጅ

ቡሬ፣ ኅዳር 14 ቀን 1995 ዓ.ም.

…ውሃው ከታች ወደ ላይ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ የመነኩሴውን እግር፣ ከዚያ ጉልበቱን። ቴሌቪዥኑ በግራ በኩል ጠርዙን ስለሚቆርጠው በሩ መኖሩ እንኳ ዘግይቶ ነው የሚታየው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ የጌሙ ሙዚቃ አይሰማም። ጉልባኑ በኪሴ ረጥቦ ሱሪዬን አርሶት

ይህን ተይው። ከመካከል ጀመርኩ። ወረቀቱን ቀድጄ እንደገና ልጽፍ ነበር፤ ግን ቀድጄ የጀመርኳቸው ሦስት ደብዳቤዎች አንዳቸውም አልደረሱሽም፤ ስለዚህ ይህኛው እንዳለ ይሂድ።

እትዬ ሠርክአዲስ፣ እንደምን ከርመሻል? የፈረስ ቤት ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኔ ደህና ነኝ። ሬዲዮና ቴፕ መጠገኑን አልተውኩም፤ በስተጓሮ ባለችው ክፍል ጌምም አስጫውታለሁ።

በመስከረም የጠየቅሽኝን አልረሳሁም። መልሱ አሁን አለኝ። ባለፈው ሳምንት አንድ የነቀምት ሾፌር አልበራ ያለው የጌም ማጫወቻ አመጣልኝ። ካሴቱ ውስጡ ተሰክቶ ነበር። መነኩሴው ነው፤ ያ ቆብ ደፍቶ በጣራ ላይ የሚዘለው፣ የፍኖተ ሰላም ልጆች ያን ስም ያወጡለት። ማጫወቻውን አበጀሁና መሥራቱን ለማየት ተጫወትኩ። ሰባተኛውን እስቴጅ ጨረስኩ። ወደ አንደኛው አልተመለሰም። ጨለመ፣ ቆየ፣ ከዚያ ስምንተኛው መጣ።

ወንድምሽ መልካሙ አልዋሸም።

አንድ ጌም አይደለም፣ እትዬ። ስሙ አንድ ነው፤ ሽፋኑ ላይ ያለው ሥዕልም አንድ ነው። ውስጡ ግን እንደ መጣበት መንገድ ነው። ከመርካቶ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ፍኖተ ሰላም የሚደርሰው ሰባት እስቴጅ ብቻ አለው፤ የጨረሰ ከመጀመሪያው ይጀምራል። በመተማ በኩል ዳንግላ የወረደው ላይ የመነኩሴው ካባ ቀይ ነው፤ ሲጀምርም ሠላሳ ነፍስ ይሰጣል። ከአሶሳ በነቀምት አድርጎ ቡሬ የሚወጣው ስምንተኛ አለው። የሚሠሩት ሰዎች የማንም ፈቃድ የላቸውም። አንዱ ከሌላው ይገለብጣል፤ ቦታ ሲያንሰው ይቆርጣል፣ ቀለም ሲያሰኘው ይቀይራል። ካሴቱን ስትከፍችው ሬንጅ የመሰለች ጥቁር ጠብታ ብቻ ነው ያለችው። ከላይ አይታወቅም። ተጫውተው ካልጨረሱት በቀር አይታወቅም።

ካሴቱን ከሾፌሩ በሌላ ለውጬ አስቀርቼዋለሁ። ለአባትሽ ለየኔታ እንዴት እንደምንነግራቸው አንቺ አስቢበት። ፊደሌን አትታዘቢኝ።

ናሁሰናይ


ፈረስ ቤት፣ ኅዳር 29 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለናሁሰናይ፣

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ስምንት ቀኑ። የተማሪ ፈተና ሳርም ነው የዘገየሁት ብል ደስ ይለኝ ነበር። ፈተናውን አርሜ የጨረስኩት ባለፈው ዓርብ ነው። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤህን ነው የማርመው።

የሆነውን ታውቀዋለህ። ግን አንድ ጊዜ ልድገመው፤ ስደግመው ያልታየኝ ነገር ይታየኝ እንደሆነ።

በ1991 ከፋሲካ በኋላ ወንድሜ መልካሙ ፍኖተ ሰላም ባዬ የሚያስጫውተው ጌም ቤት ገብቶ፣ «የአንተ ካሴት የተቆረጠ ነው። እኔ ቡሬ ስምንተኛውን አይቻለሁ» አለ። ሳቁበት። ልጆቹ ሳቁበትና ደግሞ ባዬን ስምንተኛውን አምጣ ማለት ጀመሩ። ባዬ ሁለት ሽማግሌ ይዞ አባባ ዘንድ መጣ፤ «የኔታ፣ ልጅዎ ጎደሎ ነገር ያስጫውታል ብሎ ስሜን አጠፋው» አለ። አባባ፣ «የእኔ ልጅ አይዋሽም፤ ካስፈለገ ይምላል» አሉ። ማንም መሐላ አልጠየቀም ነበር። አባባ ናቸው የጨመሩት። በልጃቸው ኮርተው ነው የጨመሩት።

መልካሙ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ጧፍ አብርቶ፣ «ዋሽቼ እንደሆነ እንዲህ ልጥፋ» ብሎ እፍ አለ። በሳምንቱ ባዬና ሽማግሌዎቹ ቡሬ ሄዱ። መልካሙ አየሁበት ያለውን ሻይ ቤት ገቡ፣ ያንኑ ጌም አስከፈቱ፣ ሲጫወቱ ዋሉ። ሰባተኛው አለቀና አንደኛው መጣ። አባባ ሲነገራቸው ቆመው ነበር፤ ተቀመጡ። «ልጄን አምኜ ታቦት ፊት አቆምኩት» አሉ። ከዚያ፣ «ዋሸሁ ካላለ ከቤቴ አይግባ»። እሱ ደግሞ፣ «አመንኩህ ካላሉኝ አልገባም»። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር። ሁመራ ሰሊጥ አጨዳ ገባ። ይኸው አራት ዓመት ሊሆን ነው። አባባ ስሙን አይጠሩም፤ ሌላ ሰው መልካሙ የተባለ ሲያጋጥማቸው «አንተ ሰው» ነው የሚሉት።

ሽማግሌዎቹ በመጡ ጊዜ የአባባ ተማሪ ስለነበርክ አንተንም ጠይቀውህ ነበር። «አላየሁም፤ ቡሬን አላውቃትም» አልክ።

አሁን ወደ ደብዳቤህ ልመለስ። ከመካከል የጀመርከው፣ ተይው ያልከኝ። ዝናብ አለበት። ቴሌቪዥኑ በግራ በኩል ይቆርጣል ይላል። የአንተ ክፍል ቴሌቪዥን በግራ ይቆርጣል? በኅዳር ቡሬ ዘነበ?

ጉልባንስ? ጉልባን መቼ እንደሚቀቀል ለአባቴ ተማሪ አላስረዳም። በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ በሕማማት። መልካሙ ቡሬ የሄደው በስቅለት ነው፤ ያን ቀን ስግደት ላይ አልነበረም፤ ይህን ለአባባ አምኗል፤ የተገረፈበትም ነው። ማን ይዞት እንደሄደ ግን ተገርፎም አልተናገረም።

ናሁ፣ አንተ በዚያ ስቅለት የት ነበርክ?

ሠርክአዲስ


ቡሬ፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 1995 ዓ.ም.

እትዬ፣

አዎ።

ሰላምታ ልጽፍ ብዬ ነበር። ለማን እንደሚገባ አላውቅም።

እኔ ነኝ የወሰድኩት። አጎቴ የእህል መኪና ላይ ይሠራ ስለነበር ሻይ ቤቱን አውቀው ነበር። «ቅዳሜ እንሂድ» አለኝ መልካሙ። «ቅዳሜ ልጆች ይበዛሉ፤ በስቅለት ባዶ ነው» አልኩት። ሁሉም ሰው ለስግደት ሲወጣ በገበያው ጀርባ ዞረን ወጣን። ጉልባኑን ከእናቴ ማሰሮ የዘገንኩት እኔ ነኝ። ቀትር ላይ በላነው። በስቅለት፣ ቀትር ላይ። ከጌሙም ከሁሉም ያቺ ጉልባን ነበረች ጉሮሮዬ ላይ የቀረችው።

ስምንተኛውን አየነው። ጆይስቲኩን የያዘው እሱ ነው፤ እኔ አጠገቡ ሆኜ «ዝለል» እል ነበር። ከዚያ መብራት ጠፋ። ፍጻሜውን ሳናይ ተመለስን። መኪና ላይ ሆነን ማንም እንዳይነግር ተማማልን አልልሽም። አልተማማልንም። አያስፈልግም ብለን ነው።

ሽማግሌዎቹ በመጡ ቀን የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። በጥር ጳጳሱ ዘንድ ወስደው ድቁና ሊያሰጡኝ ስሜን አስመዝግበው ነበር። ሁሉም ተናግሮ ሲያበቃ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ፣ ናሁሰናይ?» አሉኝ። ይህችን ብቻ። አየሁ ብል በስቅለት የት እንደነበርኩ ይታወቃል፤ ድቁናው ይቀራል፤ እናቴ ደግሞ ለድቁናው ነጠላ ገዝታ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣለች። ይህን ሁሉ ያሰብኩ ይመስላል አሁን ስጽፈው። ያኔ ምንም አላሰብኩም። አፌ «አላየሁም» አለ። ቡሬን አላውቃትም የሚለው ተከትሎ መጣ፤ ማንም ሳይጠይቀኝ።

መልካሙ አየኝ። እንደ ጠላት አላየኝም። ካሴት ሲበላሽበት እንደሚያየው ነው፤ ነቅሎ እፍ ብሎ እንደገና የሚሰካው ዓይነት፣ የሚሠራ መስሎት። ሁለተኛ እስክናገር ጠበቀ። አልተናገርኩም። ከዚያ ጧፉን አበራ።

ድቁናውን ተቀበልኩ። ሁለት ዓመት ቀደስኩ። ለምን እንደተውኩ ሰው ሲጠይቀኝ ጉሮሮዬን ያመኛል እላለሁ።

ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ዛሬ ከሰዓት ምን እንደምሠራ አላውቅም። አንድ ቴፕ አለ፤ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል። እሱን ልክፈተው።

ናሁሰናይ


ፈረስ ቤት፣ ጥር 25 ቀን 1995 ዓ.ም.

ናሁሰናይ፣

ለጥምቀት ፍኖተ ሰላም ወርጄ ስለነበር ነው ዝም ያልኩህ። ይህም ግማሹ እውነት ነው።

ካሴቱን ይዤ ልሂድና ላሳያቸው ወይ ብለህ በመልእክተኛ የጠየቅኸኝን ሰምቻለሁ። ባዬ ጌም ቤት አስገብተን፣ ቴሌቪዥኑ ፊት አስቀምጠናቸው። አስቤው ነበር እኔም። ወንበሩን ሳይቀር አስቤ ነበር።

አባባ አያዩም።

የዓይን ሞራ በክረምቱ ሁለቱንም ዓይናቸውን ይዞታል። አክስቴ ወለተጊዮርጊስ «አትጻፊላት» ተብላ ነው ለእኔም ያልጻፈችው። ለጥምቀት ስደርስ ድምፄን ሰምተው ዞሩ፤ የዞሩት ግን ወደ በሩ ሳይሆን ወደ ምሰሶው ነው። ግድግዳ እየዳሰሱ ይወጣሉ፤ ግድግዳ እየዳሰሱ ይገባሉ። ድጓውን በቃላቸው ስለሚያውቁት ተማሪዎቹ ለብዙ ጊዜ አልነቁባቸውም ነበር። አንዱ ነው፣ መጽሐፉን ገልብጦ ይዞ ሳያርሙት ሲቀሩ የነቃው።

ስለዚህ ካሴትህ ቢያበራ ባያበራ ለአባባ አንድ ነው። አንዱን ካሴት ከሌላው መለየት እንደማይቻል ጽፈህልኛል፤ ለእሳቸው ቴሌቪዥኑም ከግድግዳው አይለይም። የቀረው ያየ ሰው ቃል ነው። ከወንድሜ ሌላ ያየው አንድ ሰው ነው።

አልለምንህም። አባባ ፊት ሁለተኛ እንድትቆም የሚያስገድድህ ሽማግሌም አልልክም፤ ከሽማግሌ ያተረፍነውን አይተናል። ደብዳቤህን ለማንም አላነበብኩም። ሳጥኔ ውስጥ ነው። አንዳንዴ ማታ ሳይሆን ጠዋት፣ ተማሪ ከመግባቱ በፊት፣ «አፌ አላየሁም አለ» የምትለዋን አነባታለሁ። አፍህ ብቻውን ቢሆን ኖሮ እላለሁ።

ስለ ጉሮሮህ የምትለውን ግን ለሌላ ሰው ንገረው።

ሠርክአዲስ


ቡሬ፣ የካቲት 20 ቀን 1995 ዓ.ም.

እትዬ ሠርክአዲስ፣

ሄደህ ይሆን ወይ ብለሽ አስበሽ እንደሆነ፣ ሄጃለሁ። እስከ አጥሩ። ከዚያ ተመለስኩ።

የሄድኩት ሰኞ ነው። ከመናኸሪያው በጋሪ ሄድኩ። የኔታ ደጅ ላይ ተቀምጠው አንድ ልጅ ዜማ ሲስት ያርማሉ። «ከላይ ጀምር» ይሉታል። ልጁ ይጀምራል። «ከላይ»። ከአጥሩ ውጭ ቆሜ አራት ጊዜ «ከላይ» ሲሉ ሰማሁ። ፊታቸው ወደ እኔ ነበር። እንደማያዩኝ ጽፈሽልኝ ሳለ ዛፍ ጀርባ ተሸሸግሁ።

ከዚያ ለመመለስ ስላፈርኩ ባዬ ዘንድ ሄድኩ። ካሴቱን ይዤ ነበር። አሁን የሚያስጫውተው ሌላ ዓይነት ጌም ነው፤ የድሮውን ማጫወቻ ግን አልጣለውም። ሰካሁለት።

«ደግሞ የጠፋ ነፍስ ልታስመልስ መጣህ?» አለኝ።

«ተጫወት ብቻ፣ ጋሼ ባዬ።»

«ጣቴ ሪህ ይዞታል። አንተ ተጫወት፤ እኔ ልስደብህ።»

ተጫወትኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሲሰድበኝ ደስ አለኝ። «ምን ዓይነት ዲያቆን ነህ፣ ድልድይ መሻገር ያቃተህ» ይላል። ሰባተኛው አለቀ። ጨለመ። ባዬ ሊነሳ ሲል ውሃው መጣ። ቁጭ አለ። 

«ይኼ የእኔ ካሴት አይደለም» አለ።

«አይደለም።»

«እኛ ሄደን ያየነውም አይደለም።»

«የሻይ ቤቱ ሰውዬ በዚያው ሳምንት ለነቀምት ሾፌር ለውጦት ነበር። እናንተ ያገኛችሁት ከአዲስ አበባ የመጣውን ነው።»

«ሽፋኑ እኮ አንድ ነው። አገላብጬ አይቼዋለሁ። ሽማግሌዎቹም አገላብጠው አይተውታል።»

«ሽፋኑ አንድ ነው።»

ባዬ ሳቀ፤ ግን ሳቁን አልጨረሰውም። «ሦስት ሽማግሌዎች ሽፋን መረመርን» አለ። አብረን ሄደን ለየኔታ እንንገራቸው አልኩት። «አልሄድም። እኔ ምን እላለሁ? ተሳስቼ ነበር እላለሁ። እሳቸው ደግሞ አንተ መቼ አይተህ ነው ይሉኛል፤ ዛሬ ነው እላለሁ። የዛሬው ለያኔው ምን ያደርጋል? ያኔ ያየ ሰው ካለ እሱን ይዘህ ሂድ።» ከዚያ አየኝ። ብልጥ ሰው ነው። «አለ እንዴ?» አለኝ።

ሚኒባስ ሊያመልጠኝ ነው ብዬ ወጣሁ። ሚኒባሱ ሰው እስኪሞላ አንድ ሰዓት ቆመ።

እዚህ ስመለስ እንቅልፍ እንቢ አለኝ፤ ምግብም። ካሴቶቹን አንድ በአንድ እየከፈትኩ እየተጫወትኩ የት እንደሚለያዩ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። የዳንግላውን፣ የማርቆሱን፣ የነቀምቱን። በማርቆሱ ላይ አራተኛው እስቴጅ ሁለት ጊዜ ይመጣል። በአንዱ ላይ መነኩሴው ጭራሽ አይሞትም፤ ገደል ቢገባም ከላይ ተመልሶ ይወርዳል። ልጆች እሱን አይወዱትም። ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «አያስፈራም» አሉኝ።

ይህን ሁሉ የምጽፍልሽ ሌላውን ላለመጻፍ እንደሆነ አውቃለሁ።

ናሁሰናይ


ፈረስ ቤት፣ መጋቢት 27 ቀን 1995 ዓ.ም.

ናሁ፣

የካሴት ዝርዝርህን አነበብኩት። ደግሜም አነበብኩት። ቆንጆ ነው። ለሌላ ዓመት ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

የአገራችን ልጅ ዘመኑ ከሁመራ ተመልሷል። ከመልካሙ ጋር አንድ ካምፕ ነበሩ። ለገበያ እዚህ መጥቶ ትምህርት ቤቱ ድረስ ፈልጎኝ ተገናኘን። ስለ መልካሙ ጤና ስጠይቀው፣ «አሁን ተሽሎታል» አለኝ። መታመሙን የሰማሁት በዚህ ነው። ሆዱ አብጦ፣ ትኩሳት ይዞት፣ ሁለት ወር ተኝቶ ነበር። አሁን ይሄዳል፤ ግን ከዘመኑ ጋር እኩል አይሄድም አለኝ።

ወደ ሁመራ አይመለስም። አሶሳ ውስጥ ሥራ አለ ብለውት ወደዚያ ሊያልፍ ነው። ከሆሳዕና ማግሥት ቡሬ ይደርሳል። መንገዱን ታውቀዋለህ፤ ከባሕር ዳር የመጣ ሰው ቡሬ ላይ ወደ ነቀምት ከታጠፈ ፍኖተ ሰላምን ሳያይ ያልፋል። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ቀርቶት ነው የሚታጠፈው። ዘመኑ፣ «ቤትህ ግባ» ብሎት ነበር። «የተጠራሁ እንደሆነ» አለው። የተጠራሁ እንደሆነ፤ ሌላ ምንም።

ለአባባ መታመሙን አልነገርኩም። ብነግራቸው አዝነው ይጠሩት ይሆናል። እሱ ግን በሐዘን ተጠርቶ አይገባም፤ አውቀዋለሁ። እሱ የሚፈልገው አንድ ቃል ነው፤ አባባም ያን ቃል በሐዘን አይሉትም። ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው፤ ከማን እንደወረሰው እንዳትጠይቀኝ።

እኔ ፈቃድ ጠይቄ ዳይሬክተሩ ከልክሎኛል። ለፋሲካ ስደርስ ደግሞ እሱ ቡሬን አልፎ ሄዷል።

ያለህበትን እኔ ለመልካሙ አልነገርኩትም። ዘመኑ ግን ነግሮታል። «ናሁሰናይ ቡሬ ሬዲዮ ይጠግናል» ሲለው፣ «ያኔስ ቡሬን አላውቃትም ብሎ ነበር» ብሎ ሳቀ አለኝ።

ከዚህ በላይ የምጽፈው የለኝም። አዝማሚያዬን ያወቅህ ይመስለኛል።

ሠርክአዲስ


ፍኖተ ሰላም፣ ሚያዝያ 16 ቀን 1995 ዓ.ም.

እትዬ፣

ሕማማት ስለሆነ ሰላምታ የለም። ጥሩ ሆነልኝ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ መጣ። የአንድ ሴትዮ ሬዲዮ ፈትቼ ብሎኑ ጠረጴዛው ላይ ተበትኗል። በሩ ላይ አንድ ሰው ቆሞ ብርሃኑን ሲጋርድብኝ «ዞር በልልኝ» አልኩ፤ ቀና ሳልል። «ዞር ብዬ ነበር፤ አራት ዓመት» አለኝ።

ከስቷል። ከዚያ ሌላ አልጽፍልሽም፤ ራስሽ ታይዋለሽ ወይም አታይውም። ተቀመጥ አልኩት፤ ቆመ። ካሴቱን አወጣሁ።

«ላሳይህ?»

«እኔ አይቼዋለሁ» አለኝ። «ያላየኸው አንተ ነህ።»

 ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ብሎኖች በመጠናቸው መደርደር ጀመርኩ። እሱ ሲያየኝ ቆየና፣ «ትንሿ ወደዚያ ነች» አለኝ። ትክክል ነበር። የነቀምት አውቶቡስ ነገ ጠዋት ነው አለኝ። ነገ ከሰዓት ሂድ፣ ጠዋት ከእኔ ጋር አንድ ቦታ እንድረስ አልኩት። የት እንደሆነ አልጠየቀኝም። «ሳልጠራ አልገባም» አለ። «አትገባም። ከአጥሩ ውጭ ትቆማለህ። ቆሜበታለሁ፤ ጥላ አለው» አልኩት።

ትናንት ረቡዕ ደረስን። ጠዋት አልተነሣንም፤ እኔ ነኝ ያዘገየሁት፤ ሱቁን ሦስት ጊዜ ቆልፌ ከፈትኩት። የኔታ ስግደት ላይ እስከ መጨረሻ መቆም ስለማይችሉ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ወደ ቤት ይመልሷቸዋል። አክስትሽ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ቤት ውስጥ ብቻቸውን ናቸው። መደቡ ላይ ተቀምጠዋል፤ መቋሚያው ጉልበታቸው ላይ ነው።

«ማነህ?» አሉ።

«ናሁሰናይ ነኝ፣ የኔታ።»

«ድምፅህ ወፍሯል። ጉሮሮውን ያመዋል ብለውኝ ነበር።»

«አያመኝም፣ የኔታ።»

ቁጭ በል አላሉኝም። ስለዚህ ቆሜ ነገርኳቸው። እንዴት እንደምጀምር በመንገድ ላይ አዘጋጅቼ ነበር፤ ሁሉም ጠፋኝ። «በዘጠና አንድ ስቅለት ከመልካሙ ጋር ቡሬ ነበርኩ፤ ስምንተኛውን አብረን አየን፤ ለእርስዎ አላየሁም ያልኩት ዋሽቼ ነው» አልኩ። ይህን ለማለት ስንት ጊዜ ይፈጃል መሰለሽ? ሬዲዮ ለመክፈት የሚፈጀውን ያህል እንኳ አይፈጅም።

 ስሙን ስጠራው ጣቶቻቸው መቋሚያው ላይ ተንቀሳቀሱ። ከዚያ ይጠይቁኝ ጀመር፤ ድጓ እንደሚጠይቁ፣ በየመስመሩ።

«ምን አያችሁ?»

«ውሃ። ከታች ወደ ላይ የሚመጣ።»

«ሰው አለበት?»

«መጨረሻ ላይ አንዲት ሴት ቆማለች። ከዚያ መብራት ጠፋ።»

«ቀይ ለብሳለች?»

እኔ እትዬ፣ ይህን እንደሚያውቁ አላወቅሁም። «ቀይ ለብሳለች» አልኩ። እሱ ነግሯቸው ነበር፤ ያኔ ሁሉንም ነግሯቸው ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ልብሷን ይዘው ተቀምጠዋል።

«ጾማችሁ ነበር?» አሉኝ።

«ጉልባን በላን።»

«ስንት ሰዓት?»

«ቀትር ላይ። እኔ ነኝ የሰረቅሁት።»

«ይህን እንኳ አልነገረኝም» አሉ። ለራሳቸው ነው የተናገሩት። «ሲገረፍ ጉልባኑን እንኳ አልነገረኝም።» ወደ እኔ ዞረው፣ «አንተን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጠየቅሁህ። ዜማ ሲሆን አሥር ጊዜ አስጀምራለሁ። ያን ዕለት ሁለት ጊዜ ብጠይቅህ ኖሮ?»

«አላውቅም፣ የኔታ።»

«እኔም አላውቅም» አሉ።

ንስሐ፣ ቅጣት፣ አንድ ነገር ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። ስለ ድቁናው ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። እጃቸውን አነሱ፤ ተውኩት። ውጭ አህያ የሚነዳ ሰው አለፈ። ከዚያ ፀጥ አለ፤ በፀጥታው ውስጥ ከአጥሩ ማዶ አንድ ሰው ሳለ። ረጅም ሳል ነው፤ ታፍኖ፣ ደግሞ ታፍኖ የሚያመልጥ።

የኔታ ራሳቸውን አዘነበሉ።

«ብቻህን ነው የመጣኸው?» አሉኝ።

«አይደለም።»

ተነሱ። ልይዛቸው ተራመድኩ፤ በመቋሚያው ደረቴን ነክተው አቆሙኝ። መቋሚያውን እኔው ላይ ተዉት፤ ይዤው ቀረሁ። ግድግዳውን አልዳሰሱም። እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው በክፍሉ መካከል ሄዱ፤ ደፉ ላይ እግራቸው ተደናቀፈ፣ መቃኑን ያዙ፣ ሳሉ ወደ ተሰማበት ወጡ። ከዚያ እጃቸው ወደ ኋላ ተመልሶ ሲፈልግ አየሁ፤ መያዣውን አገኘ፤ በሩን እኔ ላይ ዘጉት።